ያቆመ ሰው አይጠየቅም

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። የቡድን መሪ ሆኜ ከተሾምኩ ስድስት ሳምንት ሞላኝ፤ የምጽፍልዎት ግን ገና ዛሬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ሸለቆ ስልክ አይሠራበትም፤ ደብዳቤ የሚወስደው የድርጅቱ ሾፌርም በሳምንት አንዴ ነው የሚወጣው። ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። ሰበብ መሆኑን አውቃለሁ።

ጥያቄዎችዎን አሁንም ለብቻ ወረቀት ላይ በቁጥር ጽፈው መላክዎ አሳቀኝ። እንደ ድሮው በተራ እመልሳለሁ።

አንድ። እኔን ጨምሮ አሥራ ሁለት ነን። ሥራችን ከባድ ዕቃ አንስቶ በቦታው ማሳረፍ ነው። አሁን የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ እየተሠራ ባለበት ቦታ ስድስት ትራንስፎርመሮች በየመሠረታቸው ላይ እናስቀምጣለን። የአንዱ ክብደት ዘጠና ቶን ነው።

ሁለት። አልፈራም፤ ግን ስም ያጣሁለት ስሜት አለ። ዘጠና ቶን ከመሬት ሲለቅ ድምፅ የለውም፤ ያ ነው የሚያስደንቀው። ከሥሩ የወረቀት ውፍረት የምታህል ብርሃን ትገባለች። ያቺ ብርሃን ስትታይ አሥራ ሁለት ሰው መተንፈስ ያቆማል። ከዚያ ቤት የሚያህለው ብረት፣ አንድ ሰው በጣቱ እየጠራው፣ እንደ ታዛዥ ልጅ ይከተለዋል።

ሦስት። በጣቱ የሚጠራው ሰው ቀይ ጓንቱን ምሳ ሲበላ እንኳን ስለማይጥል ‘ጓንት’ ይባላል፤ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ክሬኑን የሚነዳው ደግሞ ጠዋት ወጥቶ ማታ ስለሚወርድ ‘ሰማይ ቤት’ ነው። እኔን ከፊት ‘አለቃ’ ይሉኛል። ከኋላዬ የሚሉኝን አላውቅም።

አራት። ከሾፌሩ ሰምተው የጠየቁኝ የማቆም ልማድ የድርጅቱ አይደለም፤ ከእኔ በፊት የነበሩት ፎርማን ያመጡት ነው። ‘አባ ቀስታ’ ይሏቸዋል፤ ጡረታ ወጥተው እዚያው እናንተ ከተማ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። ሸክሙ አየር ላይ እያለ ከአሥራ ሁለታችን ማንም ሰው መዳፉን ዘርግቶ እጁን ካነሳ ሁሉ ነገር ይቆማል። ሰማይ ቤት ከላይ ክላክስ ቢነፋም ያው ነው። ያቆመ ሰው አይጠየቅም። ራሱ ‘ቀጥሉ’ ሲል ይቀጠላል። ምክንያቱን ከነገረን ነገረን፤ ካልነገረን ቀረ።

አምስት። ልለውጠው ያሰብኩት ሰዎቹን ንቄ አይደለም። ባለፈው ወር አሥራ አንድ ጊዜ ቆመናል፤ እኔ እንዳየሁት ስምንቱ ለምንም ነው። አንደኛው ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገብቶበት ነው ያስቆመን። ሥራ አስኪያጁ ለምን እንደዘገየን ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጥቼ ወለሉን አየሁ። ጋሼ፣ የማያውቅ መሪ መሆን እንዴት ያሳፍራል! ስለዚህ አንድ ቅጽ አዘጋጀሁ። ያቆመ ሰው በዕለቱ ይሞላል፦ ስም፣ ሰዓት፣ ምክንያት፣ የባከነ ደቂቃ። ቅጣት የለውም፤ ለማወቅ ብቻ ነው። ረቂቁን ልኬያለሁ። ከእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ያላለፈ ጽሑፍ ያለቀ አይመስለኝምና ይመልከቱልኝ።

እናቴን ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

ጥቅምት 15 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ለውኃ ልክ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እናትሽ ደህና ናት፤ ‘ብረት ስታነሳ ወገቧን እንዳይቀጫት’ ትላለች። የሚያነሳው ክሬኑ መሆኑን ሦስት ጊዜ አስረድቻታለሁ፤ ሦስት ጊዜም ‘እሱስ ቢሆን’ ብላኛለች። በስድስት ዓመትሽ ወንበር ላይ ወጥተሽ ዘመም ያሉ የግድግዳዬን ሥዕሎች ስታቃኚ ያወጣሁልሽን ስም ለሥራ ባልደረቦችሽ እንዳልነገርሻቸው ከደብዳቤሽ ተረድቻለሁ። መልካም፤ የኔ ብቻ ይሁን።

ዘጠና ቶን ያልሽውን ላምነው ስላልቻልሁ አሰላሁት። አንድ ተማሪ አርባ ኪሎ ቢመዝን ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ተማሪ ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማርኋቸውን ልጆች በአንድ ጊዜ፣ ያለ ድምፅ፣ ከመሬት ታነሳላችሁ። ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ጊዜ መስኮቱን ሳይ ቆየሁ።

ቅጹን በሚመለከት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የማይመዘገብ ነገር አይታረምም። ሦስት የሥርዓተ ነጥብ ግድፈቶች አርሜያለሁ። ‘ምክንያት’ ለሚለው የተውሽው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሦስት መስመር አድርጌዋለሁ፤ ሰው በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍን ይልመድ። ከሥሩ አንድ ረድፍ ጨምሬያለሁ፦ ‘ምክንያቱ በቂ ነበርን? አዎ / አይደለም’፣ ቀጥሎም የመሪ ፊርማ። ያልተመዘነ መልስ ከምን ይቆጠራል? ንጹሑን ቅጂ በእጄ ጽፌ አያይዤዋለሁ።

ስለ ዓይኔ የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

አጎትሽ

*

ኅዳር 8 ቀን

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርዎ። ቅጽዎን አባዝቼ አደልኩ። ከአሥራ አንድ ወደ አራት ወረድን፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ግን ዜሮ። አንድም ጊዜ አልቆምንም! ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩ ሲወርድ የሚያሳይ ግራፍ አሠርቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ‘መሪ ማለት ይህ ነው’ አለ፤ እኔ በሌለሁበት ነው ያለው፣ ሾፌሩ ነው የነገረኝ። ‘ሥራ አስኪያጁ ምን አለ?’ የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄዎን መልሻለሁ ማለት ነው።

አዎ፣ ቀልደውብኛል። ቅጹን ያደልኩ ዕለት ሰማይ ቤት በሬዲዮ፣ ‘አለቃ፣ ለማስነጠስም ፈቃድ ልናወጣ ነው?’ አለ።

‘አስነጥስ፤ ብቻ ጉንፋን ይሁን አቧራ ለይተህ ጻፍ’ አልኩት።

ሁሉም ሳቁ። አሁን ሬዲዮው ላይ የሚሰማው ‘ላይ’፣ ‘ታች’፣ ‘እሺ’ ብቻ ነው። ሥራ ስለበዛ ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ያቆመው ጓንት ነበር፤ ሦስት ጊዜ። ሁለቱን ሳጣራ ምንም አልነበረም፤ ‘አይደለም’ የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ጽሑፉም ግድፈት ስለነበረበት በቀይ አርሜ መለስኩለት። የእርስዎ ልጅ አይደለሁ! አመሰገነኝ። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ለመጨረሻው ጥያቄዎ፦ አይ፣ ምሳ አብረን አንበላም። ድሮ እኔ ባለሁበት በኮንቴይነር ቢሮው ጥላ ነበር የሚሰበሰቡት፤ አሁን ወደ ክሬኑ ጎማ ሄደዋል። እዚያ ነፋስ አለ ይላሉ።

ስለ ዓይንዎ ሳይነግሩኝ ቀሩ።

*

ኅዳር 19 ቀን

ውኃ ልክ፣ የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብሁ። የጠየቅሽኝን ከመመለሴ በፊት አንድ ቃል አላስተኛ አለኝ፦ ዜሮ።

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ላጫውትሽ። ማስተማር በጀመርሁ በዘጠነኛው ዓመት፣ የማይረባ ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ እንዲጽፍ አደርግ ነበር። በጥሩ መንፈስ ነው ያደረግሁት፤ አስቦ መጠየቅን እንዲለምዱ ብዬ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ክፍሉ ጸጥ አለ። ሃምሳ ሁለት ልጆች፣ አንድ የተነሳ እጅ የለም። ተቆጣጣሪው መጥቶ አይቶ፣ ‘እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ክፍል አላየሁም’ ብሎ ጻፈልኝ። ያንን ወረቀት ለዓመታት አስቀምጬዋለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ከሃምሳ ሁለቱ ሠላሳ አንዱ ወደቁ። የወደቁት ከኅዳር ጀምሮ ባልገባቸው በአንዲት ትምህርት ነበር። ሠላሳ አንድ ልጅ ሰባት ወር ሙሉ አልገባውም፤ አንድም አልነገረኝም።

የናንተ ሰዎች እንደዚያ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ከዚህ ሆኜ አላይም። ግን ጥያቄዎቼን ለብቻ ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ፤ በተለይ አራተኛውን፣ ‘ሰዎችሽ ይፈሩሻል?’ የሚለውን፣ ሳታልፊ መልሽልኝ። ይህ ደብዳቤ ቶሎ እንዲደርስሽ ሾፌሩን ለምኜዋለሁ።

አጎትሽ

*

ኅዳር 21 ቀን

ጋሼ፣

የእርስዎ ደብዳቤ ገና አልደረሰኝም፤ መንገድ ላይ ሳይተላለፉ አይቀሩም። ከሾፌሩ የሚሰሙትን ሁሉ እኔ እስክጽፍ አይመኑ። ለእናቴ ‘ደህና ናት’ ይበሉልኝ፤ ውሸት አይሆንብዎትም።

ትናንት ከሰዓት አራተኛው ትራንስፎርመር አየር ላይ እያለ አዘነበለ። ሰው አልሞተም። ጓንት ሆስፒታል ነው። ሌላውን አሁን መጻፍ አልችልም። ይቅር ይበሉኝ።

*

ኅዳር 29 ቀን

ጋሼ፣

ደብዳቤዎ በማግሥቱ ደረሰኝ። ከአደጋው ሁለት ቀን ዘግይቶ ማለት ነው። ስለዘገየ ራስዎን አይውቀሱ፤ ቀድሞ ቢደርስም የምሰማ አልነበርኩም። አራተኛውን ጥያቄዎን ጨርሶ መመለስ አልቻልኩም፤ ሌሎቹን ግን ይኸው።

የጓንት ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሸክሙን ያቀፈው ማንጠልጠያ ቀበቶ ተንሸራቶ፣ አንዱ ጥግ ወርዶ የእንጨት መደገፊያዎቹን መታ፤ አንዱ እንጨት ተፈናጥሮ እሱ ላይ አረፈ። ሐኪሙ ‘ይራመዳል፣ ጊዜ ይፈልጋል’ ብሏል።

ልጠይቀው ሄጄ ነበር። አራት አልጋ ያለው ክፍል ነው፤ የሱ በመስኮቱ በኩል። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ።

‘ተኛ! ምን ሆነሃል?’ አልኩት።

‘ምን እንደሆንኩማ ይኸው ተሰቅሎልሽ’ ብሎ እግሩን አሳየኝ። የጎረቤት አልጋ ሰውዬ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

‘ቀበቶው ሲንሸራተት አይተሃል?’ አልኩት።

‘አይቻለሁ።’

‘መቼ?’

‘ሳይዘነብል በፊት። ሁለት ጣት ያህል ሄደ።’

‘ታዲያ እጅህን ለምን አላነሳህም?’

ብርድ ልብሱን ሲያስተካክል ቆየ። ‘ላነሳ ነበር እኮ፣ አለቃ። ምን ብዬ እንደምጽፍ እያሰብኩ ነው።’

‘የት ነው የምትጽፈው?’

‘ምክንያት የሚለው ላይ ነዋ። ተንሸራተተ ብዬ ልጽፍ፤ ካልተንሸራተተስ? መሰለኝ ብዬ ልጽፍ፤ መሰለኝ በቂ ነው? ባለፈው አይደለም ብለሽብኛል። ፊደሌንም ታውቂዋለሽ፤ እንደገና በቀይ እንዳይመጣ ብዬ። አራት ሰከንድ ቢሆን ነው፣ ቢበዛ አምስት። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ዘነበለ።’

ጋሼ፣ አየር ላይ ዘጠና ቶን ተንጠልጥሎ፣ ሰውዬው ከሥሩ ቆሞ ዓረፍተ ነገር እያስተካከለ ነበር። ለኔ ብሎ።

ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን እስከ ታኅሣሥ 12 ይፈልጋል። የመጨረሻው መስመር ‘ለአደጋው ምክንያት የሆነው ሰው’ ይላል። ጓንት ደግሞ ስወጣ ጠርቶኝ፣ ‘የኔን ጻፊ፤ አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ’ አለኝ። ስሙን ብጽፍ እሱ ይባረራል፣ እኔ እቆያለሁ። ሌላ ብጽፍ፣ ሥራ አስኪያጁ አልደበቀኝም፤ ‘ያንቺን ወንበር የሚጠብቁ አሉ’ ብሎኛል። ይህን ቦታ ለማግኘት ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ምን ልጻፍ?

*

ታኅሣሥ 5 ቀን

የኔ ልጅ፣

በመጀመሪያ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሦስቱን መስመር ያሰመርሁት እኔ ነኝ። ‘በሙሉ ዓረፍተ ነገር’ ያልሁት እኔ ነኝ። ‘አይደለም’ የሚለውን ቃል በእጄ ጽፌ፣ አሳምሬ፣ ልኬልሻለሁ። አንድ ጊዜ በሃምሳ ሁለት ልጆች ላይ የሠራሁትን ስሕተት እያወቅሁት ደገምሁት፤ በሩቅ ስለነበር አልለየሁትም። በሪፖርቱ ስሜን አስገቢ፤ ከአሁኑ ፈቅጃለሁ።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር አደረግሁ። ማክሰኞ ጠዋት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ሄጄ አባ ቀስታን ፈለግኋቸው። በረንዳ ላይ ብስክሌት ፈትተው፣ ሰንሰለቱን ጋዜጣ ላይ ዘርግተው እያጸዱ አገኘኋቸው።

‘መምህር መሆን አለብዎት’ አሉኝ፣ ገና ሳልናገር።

‘በምን አወቁ?’

‘የግቢውን በር ሦስት ጊዜ እኩል እኩል አንኳኩተው፣ ቆጥረው ጠበቁ።’

ቅጹን ሰጠኋቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

‘ቆንጆ ነው።’

‘ይቀልዱብኛል’ አልሁ።

‘አልቀለድኩም። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ቆንጆ ወረቀት ጽፌ አላውቅም። ይቺን መስመር ማን ጨመራት?’ ጣታቸው ‘በቂ ነበርን’ ላይ ነበር።

‘እኔ ነኝ።’

‘እህ’ አሉ። ቅጹን መልሰው ሰጡኝ። ብዙ ተቆጣጣሪዎች ብዙ ጽፈውብኛል፤ እንደዚያች ‘እህ’ ዘልቃ የገባች የለችም።

ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ለምንም እንደነበር ነገርኋቸው።

‘ስምንት ብቻ?’ ብለው ሳቁ። ‘በኔ ጊዜ ከአሥሩ ዘጠኙ ለምንም ነበር። ሰማይ ቤት የምትሉት ጉደኛ አንድ ቀን ለማስነጠስ ክላክስ ነፍቷል! መምህር፣ በከንቱ መነሳት ያለመደ እጅ በጭንቁ ቀን ይከብዳል። ዘጠኙ ልምምድ ነው፤ አሥረኛው ሰው ያተርፋል። አሥረኛው የትኛው እንደሆነ ደግሞ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም ነበር።’

ከዚያ ሰንሰለቱን እየቀቡ፣ ስለ አየር ጠባይ የሚያወሩ ያህል ቀለል አድርገው እንዲህ አሉኝ። ‘በሳምንት አንድ ቀን እኔ ራሴ ምንም ሳላይ እጄን አነሳ ነበር። ሁሉም ይቆማል። ከዚያ ምንም አልነበረም፣ ቀጥሉ እላለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ። አለቃውም በከንቱ እንደሚያቆም ካዩ ማንም አያፍርም።’

ወደ ቤት ስመለስ በመንገድ አሰላሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ጊዜ በላይ ነው። አንድ ሰው፣ ሌሎች እንዳይፈሩ ብሎ፣ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ሆን ብሎ ራሱን መሳቂያ አድርጓል፤ ለማንም ሳይናገር። ውኃ ልክ፣ መንገድ ዳር ቆሜ ስሌቱን እንደገና አሰላሁት። ስለ ሥልጣንና ስለ አመራር የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ይህን የሚያህል ነገር አላነበብሁም።

‘ለልጅቷ ለምን አልነገሯትም?’ ብያቸው ነበር።

‘አልጠየቀችኝም፤ እኔም እስክትጠይቀኝ ጠብቄ አልነገርኳትም። ይቺ የኔ ጥፋት ናት፤ እንዲህ ብለዋል ይበሉልኝ’ አሉ።

ምን ልጻፍ ብለሻል። አልነግርሽም። እስከ ዛሬ የጻፍሽውን ሁሉ አርሜያለሁ፤ ይህን አላርምም።

ደጋግመሽ የጠየቅሽኝንም ልመልስ፦ ግራ ዓይኔ ከመስከረም ጀምሮ አያይም። ቀኙ ይበቃኛል።

አጎትሽ

*

ታኅሣሥ 14 ቀን

ጋሼ፣

ከመስከረም ጀምሮ! እኔ ደግሞ በዚያች በአንዷ ዓይንዎ ቅጽ አስገለበጥኩዎት። ስለዚህ በሰፊው እንነጋገራለን፤ ዛሬ ግን የሪፖርቱን ልንገርዎ።

ከመስጠቴ በፊት ለቡድኑ አነበብኩት። ወደ ክሬኑ ጎማ ሄድኩ፤ ሳይጠሩኝ የሄድኩት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። እውነትም ነፋስ አለ። ‘ለአደጋው ምክንያት የሆነው ሰው’ በሚለው መስመር ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦ ‘ምልክት ሰጪው አደጋውን ቀድሞ አይቷል። እጁን ያላነሳው ባቆመ ቁጥር እንዲጽፍ፣ እንዲመዘንና እንዲታረም ስላደረግነው ነው። ቅጹን ያወጣችው፣ በቂ አይደለም ብላ የፈረመችው የቡድኑ መሪ ናት።’ ስሜንም ጻፍኩ። የእርስዎን አላስገባሁም፤ ‘አይደለም’ ላይ ምልክት ያደረገችው እጅ የኔ ናት።

ምን አሉ ብለው እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ። ሰማይ ቤት፣ ‘አለቃ፣ ይሄ ወረቀት ከሄደ አንቺም ትሄጃለሽ’ አለ።

‘አውቃለሁ።’

‘እንግዲያው ሳትሄጂ የፀሐይ መነጽሬን መልሺልኝ። ከመስከረም ጀምሮ አንቺ ጋ ነው።’

ሳቁ፤ ከሁለት ወር ወዲህ የመጀመሪያው ነው። መነጽሩን አውልቄ ሰጠሁት። አንዷ ሴት ገመድ አሳሪ ከጎኗ ያለውን ጣውላ በእጇ ጠርጋ ‘ተቀመጪ’ አለችኝ። ተቀመጥኩ። ምሳችንን በላን። ስለ ሪፖርቱ ማንም አላወራም።

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበበው። ‘ሦስት ቀን ልስጥሽና አስቢበት’ አለኝ። ‘አስቤበታለሁ’ አልኩት። ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ለእናቴ እስኪወሰን አይንገሯት።

*

ታኅሣሥ 22 ቀን

ውኃ ልክ፣

ለእናትሽ ነግሬያታለሁ፤ ይቅርታ። ፊቴን አይታ አወቀችብኝ። ‘ታዲያ ልጄ ትክክል ሠራች፣ አንተ ምን ያስለቅስሃል?’ አለችኝ። ዓይኔ ነው አልኋት። ‘የማያየው ዓይንህ ነው የሚያለቅሰው?’ አለችኝ። እህቴን ታውቂያታለሽ።

ሠላሳ አራት ዓመት ክፍል ፊት ቆሜያለሁ። አንድም ቀን ጠመኔዬን አስቀምጬ ‘ልጆች፣ ይህን ያልተረዳችሁት እኔ ስላስፈራኋችሁ ነው’ አላልሁም። የሚቻል ነገር መሆኑንም አላውቅም ነበር። አንቺ በሠላሳ አንድ ዓመትሽ፣ ስምንት ዓመት የደከምሽበትን ወንበር ከኋላሽ ትተሽ አልሽው። ሌላ የምለው የለኝም። ደብዳቤሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እስክሪብቶ አነበብሁ።

የጥያቄ ወረቀት አላያያዝሁም። ስትፈልጊ የፈለግሽውን ጻፊልኝ።

አጎትሽ

*

ጥር 11 ቀን

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እናቴስ? ሐኪሙ ቀኙን ዓይንዎን እንዲያይልዎ የያዝኩትን ቀጠሮ እንዳይሰርዙ፤ እሷ ትቆጣጠርዎታለች።

ተወስኗል። ከመሪነት ተነስቻለሁ። ጓንት በሥራው ይቆያል፤ ሲሻለው ይመለሳል። ቅጹ ቀርቷል። ከድርጅቱ ‘ትሄጃለሽ ወይስ ትቆዪያለሽ?’ ሲሉኝ፣ እዚሁ ገመድ ላይ ልሥራ አልኩ፤ ፈቀዱልኝ። አዲስ መሪ እስኪመደብ ሰማይ ቤት ነው የሚመራን። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ከክሬኑ ወርዶ መሬት ላይ መቆም አዙሮታል፤ ‘እዚህ ታች እንዴት ነው የምትኖሩት?’ ይለናል። ክሬኑን ረዳቱ ይነዳል። በጓንት ቦታም አንዲት ምልክት ሰጪ መጥታለች፤ ደቃቃ ናት፣ ጓንቱ እስከ ክንዷ ይደርሳል።

እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልቅሻለሁ። ሰው ስለ ትክክለኛ ነገር ሲቀጣ የሚኮራ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ ያማል።

ትናንት ግን አምስተኛውን አነሳን። እኔ ሸክሙ እንዳይዞር የአንዱን ጥግ መምሪያ ገመድ ይዤ ነበር። መሪ ሳለሁ የማየው ሸክሙን ነበር። ገመድ ስይዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎቹን አየሁ። ያቺ ቀጭን ብርሃን ከሥሩ ስትገባ ማንም ብረቱን አላየም፤ አንዱ ሌላውን ነው የሚያየው። የያንዳንዱ ዓይን ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፣ የማን እጅ እንደሚነሳ ይጠብቃል። ዘጠና ቶኑን አየር ላይ የያዘው ክሬኑ ብቻ አይመስለኝም ነበር፣ ጋሼ። ያን ያህል ጊዜ አብሬያቸው ቆሜ ይህን አላየሁም።

ስድስት ጊዜ ቆምን። ስድስቱም ለምንም ነበር። በመጨረሻ አሥራ ስድስቱ ብሎኖች በአሥራ ስድስቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ቁጭ አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ከኮንቴይነር ቢሮው ደረጃ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። ሰዓቱን እያየ ወረደ።

‘የሁለት ሰዓት ሥራ አምስት ሰዓት ፈጀ። ማነው እንዲህ የሚያስቆመው?’

ሰማይ ቤት ጫማውን አየ። እኔ ገመዴን አየሁ። አለቀ፣ እንደገና ከዜሮ ልንጀምር ነው አልኩ።

‘እኔ ነኝ’ አለች አዲሷ ምልክት ሰጪ። ‘ሦስቱን። የሌሎቹን አላውቅም።’

‘ለምን?’

‘ገመዱ የጮኸ መስሎኝ።’

‘ጮኸ?’

‘አልጮኸም።’

አላብራራችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም። ሥራ አስኪያጁ የቀረውን ጠበቀ። የቀረ ነገር አልነበረም። እሷም ጓንቷን ወደ ላይ እየሳበች ዓይን ዓይኑን አየችው። ‘እሺ’ አለና ወደ ደረጃው ተመለሰ።

ጋሼ፣ ሥራ ከጀመረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው።